በላይ ዘለቀ፤ ከሽፍትነት እስከ ስቅላት

ሽፍትነት በአገራችን ደጋማ አውራጃዎች ከተራ ውንብድና የተለየ ትርጉም ነበረው። ፍርድ የተጓደለበት፣ የወገኑ ደም የፈሰሰበት ወይም ከሹም የተጣላ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ሲገባ፣ ሕዝቡ አንዳንዴ እንደ ወንጀለኛ፣ አንዳንዴም እንደ ተበዳይ ይመለከተው ነበር። ሸፍቶ የከረመ ሰው ምሕረት አግኝቶ መሾሙም እንግዳ ነገር አልነበረም። የቋራው ካሣ ኃይሉ ከሽፍትነት ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ መንገሡን መጥቀስ ይበቃል። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ ታሪክም ከዚሁ ልማድ ይመነጫል፤ ፍጻሜው ግን ሌላ ሆነ።

በላይ በ1904 ዓ.ም. ገደማ ከዓባይ ማዶ በወሎ ቦረና ተወለደ። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው ከልጅ ኢያሱ ውድቀት በኋላ ወደ ጎጃም ተሻግረው በብቸና አውራጃ ሲኖሩ፣ ሊይዛቸው ከመጣ ኃይል ጋር ተታኩሰው ሞቱ። ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ባደገ ጊዜ ግን የአባቱን ደም ለመመለስ ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር ሸፈተ፤ የዓባይን በረሃ ጥግና ማለፊያ ጠንቅቆ ያወቀውም በዚያ ዘመን ነው።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ደብረ ማርቆስን ስትይዝ፣ ይህ የሽፍትነት ዕውቀት የአርበኝነት ስንቅ ሆነ። በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ሕዝብ በሰፊው ሲነሣ፣ ከታወቁት መሪዎች እነ ልጅ ኃይሉ በለውና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ የባላባት ዘር ነበራቸው። በላይ ግን በትውልድ የሚጠራበት ማዕረግ ስላልነበረው ጦሩንም አስተዳደሩንም በራሱ አቋቋመ፤ ዳኛ ሰየመ፣ ግብር ሰበሰበ፣ ለተከታዮቹም ማዕረግ ሰጠ። ራሱ ማዕረግ እንዲይዝ በተጠየቀ ጊዜ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ከሁሉ በላይ የሚያደርገው መሆኑን ገልጾ እንደተወው ይነገራል። የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ነበር።

ስሙን የሚያወዛግበው ጉዳይ የደረሰው በ1933 ዓ.ም. ነው። በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ሲያፈገፍግ፣ መሻገሪያውን መዝጋት ይችል የነበረው በላይ ነበር። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደውን የደጀንን ገደል መንገድ ያየ የሙያ ባልደረባ፣ ጥቂት ተኳሾች እንኳ በዚያ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ለመገመት አይቸገርም። ጦሩ ግን ተሻገረ፤ እጁን የሰጠውም ከሳምንታት በኋላ በአጊባር ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች፣ ከኢጣልያ ጋር የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጋብቻ ተስፋ አባብለውት መንገዱን እንደከፈተ ጽፈዋል። ይህ ክስ የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ባይሽረውም፣ በታሪኩ ውስጥ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው ብቸናን ሾሙት። ሆኖም ከእርሱ የበለጠ ማዕረግና ግዛት ያገኙ ነበሩ፤ ራሱን ችሎ አገር ያስተዳደረ ሰውም ከማዕከላዊው መንግሥት አዲስ ሥርዓት ጋር መስማማት አልቻለም። በ1935 ዓ.ም. በአመፅ ተከሶ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጋ፤ በኋላም እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ተወሰደ። የተፈረደበት ሞት ወደ እስራት ተለወጠለት። ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከወኅኒ አምልጦ እንደገና ስለተያዘ ግን በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ።

ልጅ ማሞ የራስ ኃይሉ ልጅና የኢጣልያ አገልጋይ ነበሩ፤ እነርሱን የተዋጋው በላይም ከእርሳቸው ጋር በአንድ ቀን መሰቀሉ ብዙ ጎጃሜ ይቅር ያላለው ነገር ነው። የመንግሥትንም ወገን ስናይ፣ ግብርና ፍርድ በአንድ እጅ እንዲሆኑ የሚሻ ሥርዓት የራሱ ጦር ያለውን ሹም እንዲሁ ሊተወው አይችልም ነበር። የጎደለው ጀግናውን ከነክብሩ ወደ ሕግ የሚያስገባ መንገድ ነው። የቀደመው ዘመን ሽፍታን በምሕረትና በሹመት መመለስ ያውቅ ነበር፤ አዲሱ ዘመን ልማዱን ሲተው በምትኩ ያቆመው ነገር አልነበረም። ዛሬ ትምህርት ቤትና መንገድ በስሙ ይጠራሉ። ስሙን የምንጽፍበትን ግንብ የምንሠራ ሰዎች፣ ከስሙ ጋር ይህን ያልተዘጋ ክፍተትም ብናስታውስ መልካም ነው።