አል-ቢሩኒ፦ የምድርን ታሪክ ከድንጋይ ያነበቡት ዓሊም

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ተማሪዎች ደጋግመው ያነሱብን የነበረ አንድ ጥያቄ አለ። ምድር ከአራት ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላት ሲባል፣ ማንም በቦታው ሳይኖር ይህ እንዴት ታወቀ የሚል ነው። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የምድርን ታሪክ ከድንጋይ ለማንበብ የሞከሩ አንድ ታላቅ ዓሊም ነበሩ። ዛሬ የእኚህን ሰው፣ የአቡ ረይሐን አል-ቢሩኒን ሕይወት በአጭሩ እናወሳለን።

አቡ ረይሐን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 973) በኸዋሪዝም ግዛት በካስ ከተማ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። ያስተማሯቸው የገዢው ቤተሰብ ልዑልና የሒሳብ ሊቅ የነበሩት አቡ ነስር መንሱር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ995 ይህ ቤተሰብ በጦርነት ከሥልጣን ሲወገድ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የነበሩት አል-ቢሩኒ ለስደት ተዳረጉ። ስደቱ ግን ከዒልም አላራቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ997 የጨረቃ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ እሳቸው ከካስ፣ አቡል ወፋእ አል-ቡዝጃኒ ደግሞ ከባግዳድ ሆነው ተከታተሉት። ግርዶሹ በሁለቱም ከተሞች የታየበትን ሰዓት በማነጻጸርም አንዱ ከተማ ከሌላው ምን ያህል ወደ ምሥራቅ እንደሚርቅ አሰሉ።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚመረምር ትልቅ ኪታብ ጻፉ። ለዚህ ሥራ ሲሉ የፋርሶችን፣ የአይሁዶችንና የክርስቲያኖችን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከአደም እስከ እስክንድር ያለውን ዘመን ብቻ እንኳ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ከሺህ ዓመት በላይ በሚሆን ልዩነት ይቆጥረው ነበር። የዓለምን ዕድሜ በዚህ መንገድ ማወቅ እንደማይቻል አል-ቢሩኒ በግልጽ ተረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1017 የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዘ። አል-ቢሩኒም ወደ ገዝና፣ ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን ተወሰዱ። ኑሯቸው ቀላል አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በካቡል አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ሳሉ መለኪያ መሣሪያ ስላልነበራቸው፣ በሒሳብ መሥሪያ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ክብ መስመር ስለውና ከፋፍለው የፀሐይን ከፍታ ለኩበት። እ.ኤ.አ. በ1025 የተጠናቀቀው ተሕዲድ የተሰኘው ኪታባቸው የተጻፈው የገዝናን ትክክለኛ ቦታና የቂብላዋን አቅጣጫ ለማወቅ ነው። ስለ ምድር ታሪክ የደረሱበትንም በዚሁ ኪታብ አሰፈሩት።

የተመለከቱት ነገር ማንም መንገደኛ ሊያየው የሚችል ነው። አንዳንድ ተራራ ቀለማቸው የተለያየ፣ ጠርዛቸው የተሞረደ ጠጠሮች በደረቀ ጭቃና አሸዋ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ጠጠር እንዲህ የሚሆነው መጀመሪያ ከሌላ ተራራ ተሰብሮ፣ ከዚያ ውኃ እያንከባለለ ሞርዶት ነው። ቀጥሎ ይቀበራል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ከፍ ብሎ ተራራ ይሆናል። እያንዳንዱ እርምጃ እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የዓረብ በረሃም በአንድ ወቅት ባሕር እንደነበረ ጻፉ። ማስረጃቸው ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣው አፈርና በድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ዛጎል ነው።

ወደ ሕንድ በተጓዙ ጊዜም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ወንዞች በኃይል በሚወርዱበት በተራሮቹ ሥር ድንጋዩ ትልቅ ነው፤ ራቅ ሲሉ እያነሰ ይሄዳል፤ ወንዙ ተረጋግቶ ወደ ባሕር በሚገባበት ደግሞ አሸዋ ይሆናል። ከዚህ ተነስተው ያ ሰፊ ሜዳ ወንዞች ባመጡት ደለል የተሞላ ጥንታዊ ባሕር ነው ብለው ደመደሙ። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ግን የዓመት ቁጥር አልሰጡም። ጊዜው ረጅም እንደሆነ ድንጋዩ ይመሰክራል፤ ስንት እንደሆነ የሚናገር ሰዓት ግን በእጃቸው አልነበረም።

የዛሬዎቹ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ንብርብሩ ካልተገለበጠ በቀር ከታች ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል። ለምሳሌ በአገራችን በዓባይ ሸለቆ የባሕር ቅሪተ አካል የያዘ የኖራ ድንጋይ ከታች፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ከላይ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ባሕር ነበር፣ እሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ሰዓት የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በድንጋይ ውስጥ ያለ ዩራኒየም በማይለዋወጥ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይቀየራል፤ የአንዱ ዓይነት ዩራኒየም ግማሹ ለመቀየር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ዩራኒየሙና እርሳሱ ሲነጻጸሩ ዕድሜው ይታወቃል። ምድር የመጀመሪያ ድንጋዮቿን አቅልጣ ስለቀየረቻቸው፣ አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን ከእሷ ጋር በአንድ ዘመን የተፈጠሩና ከሕዋ የወደቁ ድንጋዮችን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ውጤት 4.55 ቢሊዮን ዓመት ነበር፤ እስከ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም።

አል-ቢሩኒ ከመቶ በላይ ሥራዎችን ትተው እ.ኤ.አ. በ1048 አካባቢ በገዝና አረፉ። ያቁት እንደዘገበው፣ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ አንድ ፈቂህ ሊጠይቃቸው ገባ። እሳቸውም ቀድሞ ያነሳላቸውን የውርስ መስአላ እንዲያብራራላቸው ለመኑት። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው መጠየቃቸው ቢያስገርመውም፣ ሳያውቁት ከዱንያ ከመሄድ አውቀውት መሄድን መረጡ። ፈቂሁ አስረድቷቸው ሲወጣ ገና መንገድ ላይ ሳለ የለቅሶውን ድምፅ ሰማ።

ለተማሪዎቻችን ዛሬ ብንመልስላቸው ይህን እንላቸዋለን፦ ያላየነውን ዘመን የምናውቀው ትቶት ባለፈው አሻራ ነው። አሻራው እስከሚያደርሰን መሄድ፣ ከዚያ በላይ ግን ቁጥር አለመፍጠር የዓሊም አደብ ነው። አላህ ለአቡ ረይሐን ይዘንላቸው፤ እኛንም ከሚጠቅም ዒልም ባለቤቶች ያድርገን።