ማሪያነ ፕሌን እና የዓሣ ሕክምና ትምህርት አጀማመር በሙኒክ

በአውሮፓ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በዋናነት ለፈረስና ለቀንድ ከብት ሲባል ነው። የመጀመሪያው በ1762 ሊዮን ላይ ሲቋቋም (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥታትን ያስጨነቃቸው የፈረሰኛ ጦሩ ጤንነትና ከብቱን በገፍ የሚፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዓሣ የአጥማጁና የኩሬ ባለቤቱ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። በኩሬ ውስጥ የሚራባ ዓሣ በብዛት ሲሞት ሐኪም የሚጠራው እምብዛም ነበር፤ ቢጠራም ሐኪሙ በትምህርት ቤት ያገኘው ዕውቀት ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ይህ ሁኔታ መለወጥ ከጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ሙኒክ ናት። ለውጡን ካመጡት ሰዎች መካከል ደግሞ ራሳቸው የእንስሳት ሐኪም ያልነበሩት ማሪያነ ፕሌን ይገኛሉ።

ፕሌን በ1863 በምዕራብ ፕሩሲያ ሉቦኺን በተባለ የገጠር ርስት ተወለዱ። ስፍራው ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ነው። ወንድሞቻቸው ፍሪድሪሽና አልበርት ፕሌን በአፍሪካ በወባ በሽታ ላይ ባደረጉት ምርምር የታወቁ ሐኪሞች ነበሩ። ለወንድሞቻቸው ክፍት የነበረው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ግን ለእሳቸው ዝግ ነበር፤ የባቫሪያ ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት መቀበል የጀመሩት በ1903 ነው። ስለዚህ ፕሌን ለሴቶች ቀደም ብላ በሯን ወደ ከፈተችው ዙሪክ ሄደው ተማሩ፤ በ1896ም በሥነ እንስሳት የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ያጠኑት ፖሊክላድ የሚባሉትን፣ በባሕር ውስጥ ጥገኛ ሳይሆኑ የሚኖሩ ጠፍጣፋ ትሎች ነበር። ይህ የጥናት መነሻ ኋላ በሙኒክ ለሠሩት ስሕተትም ለደረሱበት ግኝትም ምክንያት ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ1898 ወደ ሙኒክ መጥተው በእንስሳት ሕክምና ከፍተኛ ትምህርት ቤት የብሩኖ ሆፈር ረዳት ሆኑ። ሆፈርም በሙያቸው ሐኪም አልነበሩም፤ አሜባን ለሁለት ቆርጠው ኒውክለስ ያለውና የሌለው ክፍል እንዴት እንደሚኖር ያጠኑ የሥነ እንስሳት ተመራማሪ ነበሩ። የባቫሪያን የዓሣ ሀብት ምርምር ጣቢያ ይመሩ ስለነበር ከየኩሬው ባለቤት የሚላክ የታመመ ዓሣ ወደ እሳቸው ላቦራቶሪ ይደርስ ነበር። በ1904 ያሳተሙት የዓሣ በሽታዎች መጽሐፍ ዘርፉን ራሱን የቻለ የትምህርት መስክ አድርጎ አቋቋመ። በማይክሮስኮፕ የሚሠራው አድካሚ ምርመራ ግን በአብዛኛው የፕሌን ድርሻ ነበር።

ከዚያ ምርመራ ሁሉ የአዙሪት በሽታ ታሪክ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ቀስተ ደመና ትራውት የተባለው ዓሣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሰሜን አሜሪካ ወደ ጀርመን ገብቶ በየኩሬው መራባት ጀምሮ ነበር። የዚህ ዓሣ ጫጩቶች ጅራታቸው እየጠቆረ፣ ጭራቸውን ለመንከስ እንደሚሞክሩ ሁሉ በአንድ ቦታ እየተሽከረከሩ ይሞቱ ጀመር። ጀርመኖች ለበሽታው የሰጡት ስም የአንጎል ትል የያዘው በግ ለሚያሳየው ዙረት የሚጠቀሙበትን ስም ነው፤ በአማርኛም ያው አዙሪት ይባላል፣ የሁለቱ መንስኤ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሆፈር በ1903 በሽታ አምጪውን ጥገኛ ገለጹ። ፕሌን ደግሞ ጥገኛው በጫጩቱ አካል ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ተከታትለው፣ የሚበላው አንጎሉን ሳይሆን ገና አጥንት ያልሆነውን ልም አጥንት መሆኑን አሳዩ። ዓሣው የሚሽከረከረው ልም አጥንቱ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት የተነሳ ነው። ጥገኛው ሴሬብራሊስ የሚለውን፣ አንጎልን የሚያመለክተውን የቀድሞ ስሙን እንደያዘ ቀርቷል። ጥገኛው ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ እንደማይተላለፍ፣ በደለል ውስጥ የሚኖር ቱቢፌክስ የተባለ ትል እንደሚያስፈልገው የታወቀው በ1984 ነው።

ፉሩንኩሎሲስ የተባለውን የትራውት ቁስል በተመለከተ ያደረጉት አስተዋጽኦ በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል። ባክቴሪያው በ1894 ሙኒክ ውስጥ ሲገለጽ የማራቢያ ኩሬዎች ችግር ተደርጎ ታየ። ፕሌን በ1911 ባወጡት ጥናት በሽታው በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ዓሦችም ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። በሽታው ከኩሬው አጥር ውጭም ከተገኘ፣ ሐኪሙ አንዱን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚገባውንና የሚወጣውን ውኃ ጭምር የመመርመር ግዴታ አለበት።

ስለ ፕሌን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የማይነሳው ስሕተታቸው ነው፤ ለተመራማሪ ግን ከግኝቶቻቸው ያነሰ ጠቀሜታ የለውም። በ1905 በካርፕ ወገን ዓሦች ደም ውስጥ አዲስ ትል አገኙ፤ ሳንጉዊኒኮላ ብለውም ሰየሙት። ትሉ ትሬማቶዶች የሚለዩበት መጣበቂያ አፍ ስለሌለው፣ በዙሪክ ያጠኗቸው ዓይነት ጠፍጣፋ ትል ጥገኛ ሆኖ የተገኘ መስሏቸው ከዚያ ወገን መደቡት። ኦድነር በ1911 ትሉ ትሬማቶድ መሆኑን አስረዱ፤ የሙኒኩ ሾይሪንግም በ1922 በቀንድ አውጣ በኩል የሚያልፈውን የሕይወት ዑደቱን አሳተሙ። ዛሬ ይህ ወገን ከቢልሃርዝያ ትሎች ጋር የሚዛመድ መሆኑ ይታወቃል። ፕሌን በለመዱት ዓይን አዩት፤ ሆኖም ያ ዓይን ባይኖራቸው ኖሮ በደም ሥር ውስጥ የሚገኘውን ያን ደቃቅ ትል ጨርሶ ባላስተዋሉት ነበር። በ1902 በትራውት ላይ የገለጹት የታይሮይድ ካንሰርም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። ዴቪድ ማሪን በአሜሪካ የተመሳሳይ እብጠት ምንነት መርምረው እንቅርት መሆኑንና አዮዲን ሲጨመር እንደሚቀንስ ደረሱበት።

በ1914 የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ሣልሳዊ ለፕሌን የንጉሣዊ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጡ። በባቫሪያ ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሆነ። ማዕረጉ ግን ስም እንጂ ወንበር አልነበረም፤ በጀርመን አንዲት ሴት በዩኒቨርሲቲ በነጻነት የማስተማር ፈቃድ የሚያስገኘውን ብቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በ1918 መጨረሻ፣ እዚያው ሙኒክ ውስጥ ነው። ሆፈር በ1916 ሲሞቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት ሥራ በኋላም ፕሌን ተተኪ አልሆኑም፤ ወንበሩ ለራይንሃርድ ደሞል ተሰጠ።

ፕሌን ትምህርታቸውን ሙሉ ለሙሉ ያስተላለፉት በ1924 በታተመው መጽሐፋቸው ነው። ርዕሱ የዓሣ በሽታዎች የላቦራቶሪ ልምምድ ማለት ነው፤ የተጻፈውም በአንድ እጁ መቀስ፣ በሌላው ወረንጦ ይዞ በጠረጴዛ ፊት ለቆመ ሰው ነው። ዓሣ ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ፣ በከብትና በበግ ሬሳ ምርመራ የሠለጠነ ሐኪም ልማዱን መተው ይኖርበታል። ከስንጥቡ የሚወሰደው ናሙና ገና ትኩስ ሳለ በማይክሮስኮፕ ሥር ካልታየ፣ ጥገኛዎቹ ራሳቸው ሞተው ወይም ሸሽተው ይገኛሉ። የኩሬው ውኃ ሙቀትና ኦክስጅን ካልታወቀም ስንጥቡ ላይ የታየው ጥገኛ የሞቱ መንስኤ ይሁን ወይም የደከመ ዓሣ ላይ የሠፈረ እንግዳ መሆኑን መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ ለሐኪሞች ያመጣው ሥነ እንስሳት ነው።

ፕሌን በጥር 1946 ሙኒክ አቅራቢያ ግራፍራት በተባለች መንደር አረፉ። ከሙልሶቭ ጋር በ1911 የገለጹትንና ለሆፈር መታሰቢያ የሰየሙትን ኢክቲዮፎነስ ሆፈሪን፣ ለረጅም ጊዜ ከፈንገስ ወገን ይቆጠር የነበረውን ጥገኛ፣ ተመራማሪዎች ዛሬም በአትላንቲክ ሄሪንግና በዩኮን ወንዝ ሳልሞን ላይ እየተከታተሉት ይገኛሉ።