የይፋጉ ሊቅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥመን መምህራችን ቃሉን በየክፍሉ ከፍለን ድምፅ የሚጠነክርበትን ስፍራ እንድንፈልግ ያዝዙናል። ፎቶግራፍ ስንል ኃይሉ በፎ ላይ ይወድቃል፤ ፎቶግራፈር ስንል ግን ወደ ቶ ይሻገራል። ይህ ለብዙዎቻችን የባዕድ ቋንቋ ጣጣ ይመስለናል። ነገር ግን የእኛም አባቶች የግዕዝን ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ብለው ለይተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሣውንና የሚወድቀውን አያመለክትም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ንባብ የሚገኘው ከመምህር አፍ ነው። ይህን ንባብ ባሕር አሻግረው ካሰሙት ሊቃውንት አንዱ የአገራችን ሰው ናቸው።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1853 ዓ.ም. በቤጌምድር፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር፣ በይፋግ ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነት አጥተው በምጽዋ አጠገብ በምንኵሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ብቻ አልቀሩም፤ ከአገር ቤት ሊቃውንትም ግዕዝንና ቅኔን ተማሩ። ኋላም የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፍ አዘጋጅተው በምንኵሉ አሳተሙ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. ወደ በርሊን ሄደው በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እስከ 1908 ዓ.ም. አስተማሩ። የጀርመኑ ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ በፊታቸው ተቀምጦ ግዕዝ ሲያነቡ እየሰማ፣ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ፣ ድምፁም በየትኛው ክፍል እንደሚነሣ ይመዘግብ ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስለ ሃይማኖታቸው ተከሰው ብዙ መከራ ተቀበሉ። ብዕራቸውን ግን አልጣሉም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ ታተመ። በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ።

ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ሚትቮኽ ስለ ግዕዝ ልማዳዊ አነባበብ የጻፈው መጽሐፍ በበርሊን ወጣ። የአለቃ ታዬ ድምፅ ቢዘጋም ንባባቸው በዚያ መጽሐፍ ተመዝግቦ የዓለም ሊቃውንት ይመረምሩታል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በክፍል ተነሥተን ጮኽ ብለን ማንበብን አንፈር። በዓይን ብቻ የተማረ ሰው ግማሹን ብቻ ተምሯል። በየደብራችንም ንባብ የሚያስተምሩ የኔታ ሳሉ፣ ወደ እነርሱ ቀርበን እንስማ፤ ያልተሰማ ንባብ ከመምህሩ ጋር ይቀበራልና።