ያለ ሜካፕ “ጭራቅ” የተደረገው ተዋናይ፦ ሮንዶ ሃተን

አስፈሪ ፊልም ላይ ፊቱ የተበላሸ ገዳይ ስናይ፣ አብዛኞቻችን ሜካፑን ማን ሠራው ብለን እንገረማለን። ዛሬ ታሪኩን ይዘንላችሁ የመጣነው ሰው ግን ሜካፕ አላስፈለገውም። ካሜራ ፊት የቆመው በገዛ ፊቱ ነው። ያ ፊት ደግሞ በሽታ ነበር።

ሮንዶ ሃተን እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሃገርስታውን በምትባል ከተማ ተወለደ። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ ታምፓ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ሮንዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እዚያው ሲከታተል የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። የዚያን ጊዜ ፎቶዎቹን ፈልጋችሁ ብታዩ የምታገኙት መልከ መልካም ጎረምሳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ፈረንሳይ ድረስ ዘመተ። በሲቪል ሕይወቱ ደግሞ ታምፓ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ ላይ ጋዜጠኛ ሆኖ ሠራ።

ፊቱ መለወጥ የጀመረው ካደገ በኋላ ነው። ለውጡ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። ግንባሩ ወደ ፊት ወጣ፣ አፍንጫው ሰፋ፣ መንጋጋው ገዘፈ፣ እጆቹ ተለቁ።

በሽታው አክሮሜጋሊ ይባላል። ጭንቅላታችን ውስጥ፣ ከአንጎል ሥር፣ ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። እሷ ላይ እባጭ ሲወጣ የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ይመረታል። ሰውየው ቁመቱን ጨርሶ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አይረዝምም፤ የፊቱ፣ የእጁና የእግሩ አጥንት ግን ይወፍራል። ልብም አብሮ ይጎዳል።

ወደ ፊልም የገባው በአጋጣሚ ነው። ዳይሬክተር ሄንሪ ኪንግ “ሄል ሃርበር” የተባለውን ፊልም ታምፓ ላይ ሲቀርጽ፣ ሮንዶ በጋዜጠኝነት ሊዘግብ ሄዶ ነበር። ዳይሬክተሩ ፊቱን አይቶ ትንሽ ቦታ ሰጠው፤ ፊልሙም በ1930 ወጣ። ከዓመታት በኋላ ከባለቤቱ ከሜቤል ጋር ወደ ሆሊውድ ተሻገረ። እዚያ የጠበቁት ስሙ እንኳ የማይጠራባቸው ትንንሽ ቦታዎች ነበሩ። በ1939ኙ “ዘ ሃንችባክ ኦፍ ኖትርዳም” ፊልም ላይ ለምሳሌ፣ ከአስቀያሚ ፊት ውድድር ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ ይታያል። በቃ፣ የተፈለገው ለዚህ ነበር።

በ1944 ግን “ዘ ፐርል ኦፍ ዴዝ” በተባለው የሸርሎክ ሆምስ ፊልም ላይ የተጎጂዎቹን ወገብ የሚሰብር “ክሪፐር” የተባለ ገዳይ ሆኖ ሠራ። ተመልካች አልረሳውም። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮም ይህን ሲያይ አዲስ ጭራቅ አገኘሁ አለ። ማስታወቂያ ላይ የሮንዶን ፊት ያበላሸው የጦር ሜዳ የመርዝ ጋዝ ነው ተብሎ ተወራ። ጋዝ ግን አክሮሜጋሊን አያመጣም። በሽታው ቲኬት መሸጫ ሆነ ማለት ነው።

በጣም የሚገርመን የመጨረሻ ፊልሙ ነው፤ “ዘ ብሩት ማን”። አንድ ሰዓት የማይሞላ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሃል ሞፋት ይባላል። በኮሌጅ ዘመኑ የታወቀ የፉትቦል ተጫዋችና ቆንጆ ወጣት ነበር፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ ፊቱ ሲበላሽ የድሮ ጓደኞቹን እያደነ የሚገድል ሰው ይሆናል። የማትፈራው አንዲት ፒያኖ ተጫዋች ብቻ ናት፤ እሷም ማየት የተሳናት ስለሆነች ነው። ፉትቦል፣ መልክ፣ ከዚያ የተለወጠ ፊት። የሮንዶ የራሱ ሕይወት ነው እኮ! የተጨመረበት ግድያው ብቻ ነው። እውነተኛው ሮንዶ መልኩ ሲለወጥ ማንንም አልገደለም። ዘገባውን ጻፈ፣ ትዳር መሠረተ፣ ሠርቶ በላ።

ፊልሙ ሲወጣ ሊያየው አልታደለም። የካቲት 1946 ገና ሲጀምር፣ በ51 ዓመቱ ከሕመሙ ጋር በተያያዘ የልብ ድካም ሞተ። የተቀበረው ታምፓ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሳል “ዘ ብሩት ማን”ን ፒአርሲ ለሚባል አነስተኛ ኩባንያ ሸጠው፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ባለቤቱ ከሞተ ከወራት በኋላ፣ ለሕዝብ ቀረበ።

ዛሬ ስሙ ሌላ ቦታ ይጠራል። ከ2002 ጀምሮ በአስፈሪ ፊልም ዘርፍ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት በስሙ ተሰይሟል። አሸናፊዎች የሚቀበሉት የእሱን ፊት ቅርጽ ነው። ሰው የሸሸው ፊት አሁን በክብር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። አክሮሜጋሊ ዛሬ ሕክምና አለው፤ በቀዶ ሕክምና፣ በመድኃኒት ወይም በጨረር ይታከማል። አዋቂ ሆናችሁ የጫማ ቁጥራችሁ እየጨመረ ከሄደ፣ ቀለበታችሁ አልገባ ካለ፣ ፊታችሁም ከድሮ ፎቶ ጋር ሲተያይ ከተለወጠ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰበት ልብንም ያተርፋል።

እንዲህ ያለ ፊት ያለው ሰው መንገድ ላይ ስታዩ ደግሞ ስልክ አውጥታችሁ ከመቅረጻችሁ በፊት ሮንዶን አስታውሱት።