አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ፦ ጋሪ ኪልዳል፣ ሲፒኤም እና የቀድሞ ሥሪቶች ዕጣ

የሥሪት ቁጥጥር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከትልልቅ ተቋማት ኮምፒዩተሮች በመነሣት ነው። በ1972 ማርክ ሮችካይንድ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ስርዓትና በ1982 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ተከታዩ፣ በአንድ ምንጭ ኮድ ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ መዝግበው የፈለጉትን የቀድሞ ሥሪት መልሶ ማውጣት አስችለዋል። በእነዚሁ ዓመታት በየቤታቸው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፕሮግራም ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የሚሠሩት ጋሪ አርለን ኪልዳል በፈጠረው ሲፒኤም በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ነበር። ይህ መጣጥፍ የኪልዳልን ሕይወት የሚመለከተው በዚህ ጥያቄ በኩል ነው፤ ኮድ ሲለወጥ የቀድሞው ወዴት ይሄዳል? የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኪልዳል በ1942 በሲያትል ተወለደ። ቤተሰቡ ለመርከበኞች የባሕር ጉዞ ስሌት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረው፤ እርሱም በወጣትነቱ በዚያው አስተምሯል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1972 በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት ስለ ፕሮግራም ማሻሻያ ስልቶች ያሳተመው ጽሑፍ ኮምፓይለሮች የዳታን ፍሰት ለሚተነትኑበት ዘዴ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ኪልዳልን በንግድ የተሸነፈ ሰው አድርገው ብቻ የሚያስታውሱ ጸሐፊዎች ይህን ሥራውን ዘለው ማለፋቸው ያስቆጫል።

የውትድርና ግዴታውን የተወጣው በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው። እዚያ ሳለ በኢንቴል ማይክሮፕሮሰሰሮች ተማረከ፤ ለኩባንያውም በአማካሪነት ሠርቶ ፒኤልኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በ1973 አበረከተ። ቀጥሎ የገጠመው ችግር ፍሎፒ ዲስክን ከማይክሮፕሮሰሰር ጋር ማገናኘት ነበር። የዲስክ መቆጣጠሪያውን ወዳጁ ጆን ቶሮዲ ሠራለት፤ ሲፒኤምም በ1974 በፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ሥራ ጀመረ። ከባለቤቱ ከዶሮቲ ማክዩወን ጋር ያቋቋመው ዲጂታል ሪሰርች የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ስርዓት ለገበያ አቀረበ።

በዘመኑ የነበረው ባለ 8 ኢንች ዲስክ የሚይዘው 250 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነበር። የፋይል ስም ከ8 ፊደል አይበልጥም፤ የፋይሉን ዓይነት የሚያመለክቱ 3 ፊደላት ይከተሉታል። የዲስኩ ማውጫ ፋይሉ መቼ እንደተጻፈ አይመዘግብም፤ የቀንና የሰዓት ምዝገባ ሲፒኤም ፕላስ በተባለው የ1983 ሥሪት እስኪመጣ ድረስ ተጠቃሚው ከሁለት ቅጂዎች አዲሱ የትኛው እንደሆነ ማውጫውን አይቶ መለየት አይችልም ነበር። ለዚህ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ከስርዓቱ ጋር ይመጣ የነበረው ኢዲ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ኢዲ አንድን ፋይል ሲያርም አዲሱን ጽሑፍ በጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ እርማቱ ሲያበቃ የቀድሞውን ፋይል የመጠባበቂያ ቅጂ መሆኑን በሚያሳይ ስም ይሰይመዋል፤ ከዚያም አዲሱን በዋናው ስም ያስገባል። ከዚያ በፊት የነበረ መጠባበቂያ ካለ ይሰረዛል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ወደ ኋላ የሚመለሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ስህተቱን ሳያስተውል ሁለት ጊዜ ያስቀመጠ ሰው በደህና ይሠራ የነበረውን ኮድ አጥቷል ማለት ነው። በእጅ የሚገለባበጡ፣ በጠባብ ዲስክ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችን ለሚያገለግል ስርዓት ይህ እንደ ጉድለት ብቻ ሊቆጠር አይገባም። ኢዲ ቢያንስ ያቺን አንዲት ቅጂ ሳይጠየቅ ያስቀር ነበር።

የቀረውን ተጠቃሚዎቹ በልማድ ሞሉት። ከ8ቱ ፊደላት ላይ ቆርሰው የሥሪት ቁጥር በስሙ ውስጥ ጨመሩ፤ በዘመኑ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው ሞደም 7 የተባለው የመገናኛ ፕሮግራም ለዚህ ምሳሌ ነው። በምንጭ ኮዱ ራስጌ ላይ ቀኑን፣ የለዋጩን ስምና የለውጡን ምክንያት ጻፉ። የተጠቃሚዎች ማኅበራትም በቁጥር የተሰየሙ ዲስኮችን አሰራጩ።

ሥሪትን በማስተዳደር ረገድ የኪልዳል ትልቁ አስተዋጽኦ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ኢምሳይ የተባለው ኩባንያ ሲፒኤምን ለራሱ ኮምፒዩተር በፈለገበት ጊዜ፣ ኪልዳል ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ለይቶ ባዮስ የተባለ ራሱን የቻለ ቁራጭ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ማሽን የሚለወጠው ያ ቁራጭ ብቻ ሆነ፤ ዋናው አካል ለሁሉም አንድ ነው። ሞደም 7ም በተመሳሳይ መንገድ ለየማሽኑ የሚደረቡ ትንንሽ ፋይሎች ነበሩት። በጊዜ የሚፈራረቁ ሥሪቶችን ማስቀመጥ ባይቻልም፣ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሥሪቶችን እንዳይበታተኑ አድርጎ መያዝ ተቻለ።

የ1980ው ድርድር ብዙ ተጽፎበታል። አይቢኤም ለአዲሱ የግል ኮምፒዩተሩ ስርዓተ ክወና ፈልጎ ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ መጣ፤ ስምምነት አልተገኘም፤ ዕድሉን ማይክሮሶፍት ወሰደው። ኪልዳል በዚያ ቀን ለመዝናናት አውሮፕላን ሲያበር ነበር የሚለው ትረካ ሌሎቹን ሁሉ ተጭኖ ቀረ። በረራው ግን ለሥራ ጉዳይ ነበር። ማይክሮሶፍት ያቀረበው ስርዓት መነሻው የሲያትሉ ቲም ፓተርሰን የጻፈው ሲሆን፣ ከሲፒኤም ተቀድቷል የሚለው ክስ ለአሥርተ ዓመታት ዘለቀ።

ክሱን በማስረጃ መመርመር የተቻለው ዘግይቶ ነው። የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በ2014 የማይክሮሶፍትን የመጀመሪያ ሥሪቶችና ከ1970ዎቹ የተረፉ የሲፒኤም ምንጭ ኮዶችን ለሕዝብ አወጣ። ቦብ ዛይድማን በ2012 ያሳተመው ንጽጽር የኮድ መቀዳት ማስረጃ አላገኘም። የስርዓት ጥሪዎቹ መመሳሰል ግን አይካድም፤ ፓተርሰንም የሲፒኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ እንዲሸጋገሩ ሆን ብሎ እንዳደረገው አልሸሸገም። እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚያስችሉት የቀድሞ ሥሪቶች የተረፉት በግለሰቦች ትጋት ነው፤ ስርዓቱ ራሱ ከአንድ እርምጃ በላይ አያስቀርም ነበርና።

ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። ኪልዳል በሐምሌ 1994 በሞንተሬይ በ52 ዓመቱ ዐረፈ። በመጨረሻ ዓመታቱ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ለወዳጆቹ አሰራጭቶ ነበር፤ ልጆቹ የመጀመሪያውን ክፍል በ2016 በሙዚየሙ በኩል አወጡት። የቀሩት ምዕራፎች እውነተኛ ማንነቱን አያሳዩም ብለው በእጃቸው አስቀርተዋል።