ማክስ ቫን ደር ስቱል እና የግሪክ ወታደራዊ አገዛዝ ምርመራ

የሰብአዊ መብት ጥሰትን እንዲመረምር የሚላክ ዓለም አቀፍ ልዑክ ብርቱ ፈተና የሚገጥመው የሚመረመረው መንግሥት በሩን ሲዘጋበት ነው። ኔዘርላንዳዊው ዲፕሎማት ማክስ ቫን ደር ስቱል (ከ1924 እስከ 2011 እ.ኤ.አ.) በዚህ ፈተና ሁለት ጊዜ አልፈዋል፤ መጀመሪያ በግሪክ፣ ኋላም በኢራቅ።

ቫን ደር ስቱል በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ፣ በሠራተኛ ፓርቲ አባልነት ለአገራቸው ፓርላማ የበቁ ፖለቲከኛ ነበሩ። በኤፕሪል 1967 የግሪክ ኮሎኔሎች በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው መሠረታዊ መብቶችን ሲያግዱና ሺዎችን ያለ ፍርድ ሲያስሩ፣ ግሪክ የአውሮፓ ምክር ቤት አባል ነበረች። የምክር ቤቱ አማካሪ ጉባኤ በ1968 ቫን ደር ስቱልን የግሪክ ጉዳይ ራፖርተር አድርጎ ሰየማቸው። ወደ አገሪቱ ገብተው ምርመራ ከጀመሩ በኋላ ግን አገዛዙ በአድሏዊነት ከሶ ዳግም እንዳይገቡ ከለከላቸው።

ክልከላው ሥራቸውን አላስቆመውም። የማሰቃየት ክሶችን የማጣራቱ ኃላፊነት ስካንዲኔቪያውያን መንግሥታትና ኔዘርላንድ ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ድርሻ ነበር። የራፖርተሩ ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው፦ ግሪክ የምክር ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ በአንቀጽ 3 የሚጠይቀውን የሕግ የበላይነትና የመብት ጥበቃ ታሟላለች ወይ? ለዚህ መልስ ለመስጠት የእስር ቤት በር መከፈቱ የግድ አልነበረም። በወታደራዊ አዋጅ ሥር በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የ1968ቱ ሕገ መንግሥት ዋና ዋና የመብት ድንጋጌዎች ሥራ ላይ እንዳይውሉ መታገዳቸው ብቻውን በቂ ምስክር ነበር። ጉባኤው በጃንዋሪ 1969 ሪፖርታቸውን ተቀብሎ የሚኒስትሮች ኮሚቴ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ አሳሰበ። ኮሚሽኑም በበኩሉ ማሰቃየት የአገዛዙ የተለመደ አሠራር መሆኑን አረጋገጠ። ግሪክ የአባልነት እገዳው ሳይወሰንባት በዲሴምበር 12 ቀን 1969 ከምክር ቤቱ መውጣቷን አስታወቀች።

ሪፖርቱ አገዛዙን አልጣለም፤ እስረኞችንም ወዲያው አላስፈታም። ኮሎኔሎቹ እስከ 1974 በሥልጣን ቆይተዋል። ሆኖም ሪፖርቱ አገዛዙን በአውሮፓ መንግሥታት ማኅበር ውስጥ ከነበረው ሕጋዊ ከለላ አራቆተው፤ ግሪክ በኖቬምበር 1974 ወደ ምክር ቤቱ የተመለሰችውም ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ ነበር።

ቫን ደር ስቱል ሁለት ጊዜ የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ከ1991 እስከ 1999 ደግሞ በኢራቅ ጉዳይ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር ነበሩ። በጃንዋሪ 1992 አገሪቱን ከጎበኙ በኋላ ባግዳድ በሯን ስትዘጋባቸው፣ የስደተኞችን ቃልና በኩርዶች እጅ የገቡ የመንግሥት ሰነዶችን መሠረት አድርገው ሪፖርታቸውን ቀጠሉ።

የሁለቱ ተልእኮዎች ንጽጽር እንደሚያስረዳው፣ የመግቢያ ፈቃድ መንፈግ ምርመራን ያከብዳል እንጂ አያስቀርም። ወሳኙ ነገር መርማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ በእጁ ካለው ማስረጃ ጋር መመጣጠኑ ነው።