ከፕሬዚዳንትነት በኋላ የመጣ አገልግሎት፦ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ

ከትልቅ ሥልጣን የወረደ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ በቤቱ ይቀመጣል፣ ወይ ያወረዱትን እየወቀሰ ይኖራል። ስድስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ግን ከሁለቱም አልሆነም።

አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1767 በማሳቹሴትስ ተወለደ። አባቱ ጆን አዳምስ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ሆኗል። ገና በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ከአቢጌል ጋር ሆኖ የበንከር ሂልን ጦርነት ከሩቅ ተመለከተ። በ14 ዓመቱ ለአሜሪካ መልእክተኛ ጸሐፊ ሆኖ ሩሲያ ሄደ። ሲያድግም በ1814 የጌንትን የሰላም ውል ከተደራደሩት አንዱ፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በየማለዳው አራት አምስት ምዕራፍ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብ ነበር። (የኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሥላሴን የማይቀበሉ የዩኒቴሪያኖች እንደ ነበረች ግን ልብ በሉ፤ በአስተምህሮ ምሳሌ አድርጌ አላቀርበውም።)

በ1825 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1828 ምርጫ ግን በአንድሩ ጃክሰን ተሸነፈ። ገና ከቤተ መንግሥት እንደ ወጣ፣ በ1829፣ የበኩር ልጁ ጆርጅ ከእንፋሎት መርከብ ላይ ባሕር ውስጥ ገብቶ ሞተ። እንዲህ ያለ ሐዘን ስንቱን ሰው አልጋ ላይ ያስቀራል!

በ1830 የአገሩ ሰዎች ለተወካዮች ምክር ቤት መረጡት። ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ተራ ተወካይ ሊሆን? አዎን፣ ሆነ፤ እስኪሞትም በዚያ አገለገለ። በ1836 ምክር ቤቱ ባርነትን የሚቃወም የሕዝብ አቤቱታ ሁሉ ሳይታይ እንዲቀር ደንብ አወጣ። አዳምስም አቤቱታ እየያዘ በየጊዜው ይነሣል፤ ይጮኹበታል፤ ተቀመጥ ይሉታል፤ እንደ ገና ይነሣል። በ1842 በይፋ ሊያወግዙት ሞከሩ፤ ለቀናት ተከራክሮ አሳፈራቸው። በታኅሣሥ 1844 ደንቡ በ108 ድምፅ ለ80 ተሻረ። ስምንት ዓመት ሙሉ! እኛ አንድ ጸሎት ስንት ወር ደጋግመን እንጸልያለን?

በዚህ መካከል የአሚስታድ ጉዳይ መጣ። በ1839 ከአፍሪካ ተሰርቀው የተሸጡ የሜንዴ ሰዎች በኩባ አጠገብ መርከቧን በእጃቸው አደረጉ፤ ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ታሰሩ። አዳምስ ዓይኑ ደክሞ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ በ73 ዓመቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመላቸው። በመጋቢት 1841 ነፃ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የተረፉት 35ቱ ከሚስዮናውያን ጋር ወደ ሴራሊዮን ተሳፈሩ። ለጥብቅናው ገንዘብ አልተቀበለም፤ እነርሱ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡት። የማሳቹሴትስ የመጀመሪያው ጥቁር ገዢ ዴቫል ፓትሪክ በ2007 ቃለ መሐላ የፈጸመው በዚያ መጽሐፍ ላይ እጁን አኑሮ ነው።

በየካቲት 21 ቀን 1848 አዳምስ በምክር ቤቱ ወንበሩ ላይ እንዳለ ወደቀ። ከቦታው ብዙ ማንቀሳቀስ ስላልተቻለ ወደ አፈ ጉባኤው ክፍል አስገቡት፤ በሁለተኛው ቀን በ80 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያ ምክር ቤት ከነበሩት አዲስ ተወካዮች አንዱ አብርሃም ሊንከን ነበር።